ግልገሏ የበላችው ፊደል
ስለ ቅብጥብጥ የእንስሳት ግልገሎችና ስለ ፊደል የሥዕል መጻሕፍት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ)



በዚህ መድረክ ስለ መንግሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ርእሰ ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ አንዳንዱም መጽሐፍ ከመዳፍ አይበልጥም። ስለ ፊደል ማስተማሪያ የሥዕል መጻሕፍት፣ በተለይም በገጾቻቸው ውስጥ ስለሚዘሉ፣ ስለሚሰብሩና ስለሚያመልጡ ግልገሎች እናገራለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባለው፣ ርእሱ ከቁም ነገር አይቆጠርም ብሎ የሚያስብ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም አንድ ማኅበረሰብ ለልጁ በመጀመሪያ የሚሰጠው መጽሐፍ ስለ ራሱ ስለ ማኅበረሰቡ የሚናገረው ብዙ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ፊደል የቆጠርሁት በደብራችን ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ነበር። የታተመውን የፊደል ወረቀት እናቴ በዱቄት ሙጫ ካርቶን ላይ ለጥፋልኝ ነበር። አንድ ቀን ገበታዬን ደጃፍ ላይ ጥዬ ስጫወት የጎረቤት የፍየል ግልገል መጣች፤ የሙጫው ሽታ ሳይስባት አልቀረም፤ የገበታውን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ከነካርቶኑ ቆርጥማ በላችው። ፍርሃት ያዘኝ፤ ለእናቴም አልተናገርሁም። በማግስቱ የኔታ ፊት ቀርቤ በስንደዶዬ እያመለከትሁ ከ“ሀ” ጀምሬ ወረድሁ። የተበላው ጥግ ላይ ስደርስም አልቆምሁም፤ ወረቀቱ በሌለበት ቦታ ስንደዶዬን በአየር ላይ እያንቀሳቀስሁ “ፄ፣ ፅ፣ ፆ… ፌ፣ ፍ፣ ፎ…” አልሁ። የኔታ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣ “ልጄ፣ ከምኑ ላይ ነው የምታነበው?” አሉኝ።

ከዚያም የጎረቤቴን ልጅ ገበታ ተቀብለው ከመካከል አንዲት ፊደል አመለከቱኝ። አላወቅኋትም። ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቼ በዜማ ካልደረስሁባት በቀር ስሟን መጥራት አልቻልሁም። ለብዙ ወራት አነባለሁ ብዬ የማስበው ሁሉ ማዜም ብቻ እንደ ነበረ ያጋለጠችው ያቺ ግልገል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ ከአቡጊዳው ጋር አቆራኙኝ። አቡጊዳ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የሌላ አገር የፊደል መጻሕፍትን ታሪክ ሳጠና ነው። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚያ ይነሣል፦ ፊደል በሚያስተምር መጽሐፍ ውስጥ ቅብጥብጥ ግልገል ምን ሥራ አላት?

ድምፅ የሚሰጡ እንስሳት

ታሪኩን ከ1658 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት በኑረምበርግ ከተማ የሞራቪያው መምህርና ጳጳስ ያን አሞስ ኮሜኒየስ “ኦርቢስ ሴንሱዋሊየም ፒክተስ” የተሰኘውን በሥዕል የተደገፈ የላቲንና የጀርመንኛ መማሪያ አሳተመ። ኮሜኒየስ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ከአገሩ ያሳደደው፣ ዕድሜውን በስደት የፈጸመ ሰው ነው። የመጽሐፉ መክፈቻ ላይ “ሕያው ፊደል” የምንለው አንድ ሰንጠረዥ አለ። በእያንዳንዱ ፊደል አንጻር አንድ ድምፅ የሚያሰማ ፍጡር ተሥሏል፦ ቁራ ይጮኻል፣ በግ ይላል፣ ነፋስ ያፏጫል። የፊደሉ ድምፅ ከፍጡሩ ድምፅ ይወጣል ማለት ነው። በእነዚሁ ፍጡራን መካከል፣ ከአእዋፍና ከአራዊት ጋር ተሰልፎ፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን ይገኛል።

ይህች ትንሽ ሥዕል የታሪካችን ዘር ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሕፃኑ ከእንስሳቱ ተርታ ገባ። ገና ቋንቋ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ ያለው፣ ከግልገልና ከጫጩት ጋር የሚቆጠር ፍጡር ሆኖ ታየ። ከዚህ በኋላ በፊደል መጽሐፍ ውስጥ ግልገል ባየን ቁጥር የምናየው ሕፃኑን ራሱን ነው። ግልገሏ ላይ የሚደርሰውም መጽሐፉን የጻፉት አዋቂዎች በልጁ ላይ ሊደርስ ይገባል ብለው የሚያስቡት ነው።

ከአዳም ውድቀት ወደ ኳስና መርፌ

በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝ ሰፋሪዎች ዘንድ ለረዥም ጊዜ የነገሠው ማስተማሪያ ቤንጃሚን ሃሪስ በቦስተን ከ1690 ገደማ ጀምሮ ያሳተመው “የኒው ኢንግላንድ ፕራይመር” ነው፤ ዛሬ በእጅ የሚገኘው ጥንታዊ ቅጂ የ1727 ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አነስተኛ የእንጨት ቅርጽ ሥዕልና አንድ ባለ ሁለት ቤት ግጥም አለው። የመጀመሪያው ፊደል የሚያስተምረው በአዳም ውድቀት ሁላችንም መውደቃችንን ነው። ድመትና ውሻም በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ድመቷ ትጫወታለች፣ ጨዋታዋ ግን በመግደል ይፈጸማል። በሌላ ፊደል ሥር ደግሞ ሰነፍ ልጅ በትምህርት ቤት ሲገረፍ እናያለን። ልጁ ገና ንባብ ሳይጀምር ኃጢአተኛነቱን ያነብባል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቅብጠት ካለ ከቅጣቱ ጋር ተጋምዶ ነው።

ለውጡ የመጣው በዚያው በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1693 ስለ ትምህርት ባሳተመው ድርሳን፣ ፊደል እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ቢቀርብ ልጆች በፍቅር እንደሚይዙት አስተማረ፤ ፊደላት የተለጠፉባቸው የዳይስ መጫወቻዎችን መከረ። ማንበብ ለጀመረ ልጅ ያመለከተው መጽሐፍ የኤሶጵን ተረቶች ነው፤ የእንስሳት ሥዕል ቢኖርበት ይመረጣል አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ተንኮለኛውን ቀበሮ ሬናርድን አነሣ። አጭበርባሪ እንስሳ ለልጅ ማስተማሪያ ይሆናል ብሎ ፈላስፋ ሲመክር ቀላል ነገር አይደለም።

በ1744 የለንደኑ አሳታሚ ጆን ኒውቤሪ የሎክን ምክር ወደ ገበያ አወጣው። “ትንሿ ውብ የኪስ መጽሐፍ” ልትባል የምትችለው እትሙ ፊደላትን ከልጆች ጨዋታዎች ጋር አጣመረች። ከመጽሐፏ ጋር ለወንዶች ኳስ፣ ለሴቶች የመርፌ መውጊያ ትራስ ይሸጥ ነበር፤ አንደኛው ጎኑ ቀይ፣ ሌላኛው ጥቁር ነው። ልጁ መልካም ሲሠራ በቀዩ፣ ሲያጠፋ በጥቁሩ መርፌ ይሰካል። ጨዋታው ተፈቀደ፣ ጥፋቱ ግን በመርፌ ይቆጠራል። ቅብጠት ከገሃነም ወደ ሒሳብ መዝገብ ተዛወረ ማለት እንችላለን።

ፊደል ሲስቅ

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ሰው አመጣልን። ኤድዋርድ ሊር በሙያው የእንስሳት ሠዓሊ ነበር፤ በወጣትነቱ በቀቀኖችን በትክክለኛ ሳይንሳዊ ሥዕል በማቅረብ ዝናን አተረፈ፤ በ1830ዎቹም የደርቢው መስፍን በኖውስሊ ይጠብቁት የነበረውን የአራዊት ስብስብ እንዲሥል ተቀጠረ። የቀልድ ግጥሞቹንና ሥዕሎቹን ለቤቱ ልጆች ማሳየት የጀመረው በዚያ ነው። ለወዳጆቹ ልጆች ብዙ የፊደል ሰንጠረዦችን በእጁ ሣለ፤ በ1871 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት አንድ መድበሉ ርእሱ ላይ ሳይቀር ፊደላትን ከዘፈን፣ ከታሪክና ከሐሰተኛ ዕፀዋት ጋር ይጠቅሳል።

ሊር እንስሳን በትክክል መሣል የሚችል ሰው ስለ ነበር ሆን ብሎ ሲያጣምመው ጥመቱ ይታወቃል። በእርሱ ፊደል ውስጥ እንስሳ ስለማንም አይማርም፣ ማንንም አያስተምርም። ሥነ ምግባር የሚባለው ጭነት ከፊደሉ ጀርባ ወረደ። ልጁ ከፊደሉ ጋር ብቻውን ቀረ፤ ሳቅም መካከላቸው ገባ።

በእርግጥ ጭነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ቢያትሪክስ ፖተር በ1893 ለአንድ የታመመ ሕፃን በደብዳቤ የጻፈችው፣ በ1901 በራሷ ወጪ 250 ቅጂ ያሳተመችው፣ በ1902 በዋርን አሳታሚ ድርጅት የወጣው የጥንቸሉ የፒተር ታሪክ የፊደል መጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡትን ግልገሎች ሁሉ ነክቷል። ፒተር እናቱ የከለከለችው አትክልት ቦታ ይገባል፤ አባቱ በዚያው ቦታ ተይዞ ምግብ እንደ ሆነ ይነገረናል። ፒተር ኮቱንና ጫማውን ጥሎ ያመልጣል፤ ቅጣቱ በአልጋ ላይ መተኛትና የካሞማይል ሻይ መጠጣት ነው፤ እኅቶቹ ግን እንጆሪ ይበላሉ። ቅጣቱ ቀልሏል። አንባቢውም ከታዛዦቹ እኅቶች ይልቅ ከፒተር ጋር ይሮጣል።

ፖም ሲወድቅ

አሁን ወደ ፊደል መጽሐፍ እንመለስ። ዋንዳ ጋግ በሚኒሶታ ኒው ኡልም በተባለች ከተማ ከቦሄሚያ በመጡ ስደተኞች ቤተሰብ ውስጥ ተወለደች። ሠዓሊ የነበረው አባቷ በ1908 ሲሞት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅና የሰባት ልጆች ታላቅ ነበረች፤ በሥዕሏ እየሠራች ታናናሾቿን አሳደገች። በ1933 ያሳተመችው “ዘ ኤቢሲ በኒ” የቤተሰቡ የእጅ ሥራ ነው፦ ታሪኩ ለወንድሟ ወይም ለእኅቷ ልጅ ታስቦ ተጻፈ፣ ፊደላቱን ወንድሟ ሃዋርድ በእጁ ጻፈ፣ ዜማውን እኅቷ ፍላቪያ ደረሰች።

መጽሐፉ ሲከፈት ግልገል ጥንቸል ተኝታለች፤ ፖም ከዛፍ ይወድቃል፤ ጥንቸሏ ደንግጣ ከአልጋዋ ዘልላ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደላት ሁሉ የሩጫዋ ጎዳና ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን እንያቸው። በኒው ኢንግላንድ ፕራይመር የመጀመሪያው ፊደል የአዳም ውድቀት ነበር። በእኛ ትውፊት የተከለከለችው ዕፀ በለስ ስትሆን በምዕራቡ ዓለም ሥዕሎች ዘንድ ፍሬው ፖም ነው። በጋግ መጽሐፍ የመጀመሪያው ፊደል ያው ፖም ነው፤ እርሱም ይወድቃል። ነገር ግን ማንም አልበደለም። ፍሬው የወደቀው ስለ በሰለ ነው፤ ግልገሏም የምትባረር ሳትሆን የምትሮጥ ናት። ጋግ ይህን ንጽጽር አስባው እንደ ሆነ አልከራከርም። ሁለት መቶ ዓመት ያህል በተራራቁ ሁለት መጻሕፍት ግን አንዱ ፍሬ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ እናያለን፣ በመካከሉም የልጅነት ትርጉም ተለውጧል።

ደብዳቤውን የለወጠው ጦጣ

ወደ ንግግሬ ማዕከል ደረስሁ። ሃንስ አውጉስቶ ሬይና ማርግሬት ሬይ በሃምቡርግ የተወለዱ የአይሁድ ዘር ጀርመናውያን ናቸው። በብራዚል ተገናኝተው በ1935 ተጋቡ፤ የብራዚልንም ዜግነት አገኙ፤ ኑሯቸውን በፓሪስ አደረጉ። በሰኔ ወር 1940 የናዚ ጦር ወደ ፓሪስ ሲቃረብ ሃንስ ከመለዋወጫ ዕቃ ሁለት ብስክሌቶች ገጣጠመ፤ ጦሩ ከተማዋን ከመግባቱ በፊት ባልና ሚስቱ ጥቂት ልብስ፣ ጥቂት ምግብና የመጻሕፍት ረቂቆችን ጭነው ወጡ። በስፔንና በፖርቱጋል አድርገው ወደ ብራዚል፣ ከዚያም በጥቅምት ወር ኒው ዮርክ ገቡ። ከረቂቆቹ አንዱ ፊፊ ስለሚባል ቅብጥብጥ ግልገል ጦጣ ነበር። በ1941 በአሜሪካ ሲታተም ጦጣው ጆርጅ ተባለ፤ በእንግሊዝኛ “ኪዩሪየስ ጆርጅ” ነው፤ እኛ “ነገር መርማሪው ጆርጅ” ልንለው እንችላለን።

እንደ አፍሪካዊ የታሪክ መምህር የዚህን መጽሐፍ መግቢያ ሳልመረምር ማለፍ አልችልም። ጆርጅ የሚኖረው በአፍሪካ ነው። ቢጫ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ይመጣል፣ ጦጣው ባርኔጣውን ለማየት ሲጓጓ በከረጢት ይይዘዋል፣ በመርከብ ጭኖ ወደ ትልቅ ከተማ ይወስደዋል። ብዙ ሐያስያን ይህን ከቅኝ ግዛትና ከባሪያ ንግድ ታሪክ ጋር አያይዘው አንብበውታል፤ ንባባቸውም መሠረት አለው። ደራስያኑ ራሳቸው ከአሳዳጆች ያመለጡ ስደተኞች መሆናቸው የመጽሐፉን መግቢያ አያነጻውም። ያው ግልገል በአንድ በኩል ተይዞ የተወሰደው አፍሪካዊ፣ በሌላ በኩል ከሞት አምልጦ በባዕድ ከተማ የሚኖረው ስደተኛ ነው። ሁለቱንም ንባቦች አብረን መያዝ ይኖርብናል።

ከዚያ በ1963 “ጆርጅ ፊደል ተማረ” የሚል ፍቺ ያለው መጽሐፍ ወጣ። ቢጫ ባርኔጣ ያደረገው ሰው ለጆርጅ ፊደል ያስተምራል፤ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሥዕል እየለወጠ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያውን ፊደል አፉን የከፈተ አዞ እያደረገ። በትምህርቱ መካከል ሰውዬው ለዳቦ ጋጋሪው ማስታወሻ ጽፎ ጆርጅን ይልከዋል፤ አንድ ደርዘን ዶናት እንዲሰጠው ነው። ጆርጅ ማስታወሻውን አንብቦ እርሳስ ያነሣል፤ “አንድ” የሚለውን ቃል “አሥር” ያደርገዋል። ጋጋሪውም አሥር ደርዘን ይሰጠዋል፤ አንድ መቶ ሃያ ዶናት ማለት ነው።

ይህን ገጽ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ የኔታን አስታወስሁ። ጆርጅ ፊደል መማሩን በምን አወቅን? ከሀ እስከ ፐ ቢወርድልን ኖሮ እንደ እኔ ማዜሙን ብቻ እናውቅ ነበር። ማስታወሻውን ሲለውጥ ግን ሦስት ነገሮችን አረጋገጠልን፤ የተጻፈውን አንብቧል፤ አንዱን ቃል ከሌላው ለይቷል፤ በመጨረሻም ጽሕፈት በሌለበት ቦታ ፈቃድን የሚያደርስ ኃይል መሆኑን ተረድቷል። መምህሩ የጻፈው ማስታወሻ እስካልተለወጠ ድረስ ፊደሉ የመምህሩ ነው፤ ከተለወጠ ግን የጆርጅም ነው። ጥፋቱ ጥፋት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም፤ ጆርጅም አልፎታል።

እኛም የጽሕፈት ታሪክን የምናጠና ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ማኅተምና ደብዳቤ ባለበት ሁሉ የተፋቀ ብራና፣ የተቀየረ ቁጥር፣ የተጨመረ መስመር አለ። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራው ማንበብ የሚችል ነው። ማንበብና መጻፍ ለሕዝብ ሲሰፋ ሥልጣን ሁልጊዜ የሚፈራው ይህንኑ ነው፦ ልጁ ፊደሉን ለታዘዘበት ብቻ ላይጠቀምበት ይችላል።

ከስም ወደ ግስ

በ1962 የሞሪስ ሴንዳክ አራት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ታሽገው ወጡ፤ ከመዳፍ የማይበልጡ ናቸው። ሴንዳክ በብሩክሊን ከፖላንድ ከመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ በ1928 ተወልዶ፣ በአውሮፓ የቀሩ ዘመዶቹን በዕልቂቱ ያጣ ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ የአዞዎች ፊደል ነው። አዞዎቹ ወላጆችና አንድ ልጅ ይመስላሉ፤ ፊኛ ያፈነዳሉ፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል፣ ይሞላቀቃሉ፣ መሬት ላይ ተንከባለው ይጮኻሉ።

የፊደል መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ የስሞች መዝገብ ነበር፤ ፊደሉ አንድ ነገርን ይጠራል፣ ሥዕሉም ያሳየዋል። ሴንዳክ አብዛኞቹን ፊደላት ለድርጊት ሰጣቸው። ይህ ተራ የስልት ለውጥ አይመስለኝም። ስም ተቀምጦ ይታያል፤ ቅብጠት ግን ግስ ይፈልጋል። ቆሞ የሚታይ ግልገል ቅብጥብጥ ሊሆን አይችልም፤ መስበር፣ መዝለል፣ ማምለጥ አለበት። ግልገሎቹ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ከድምፅ ወደ ስም፣ ከስም ወደ ግስ ተጉዘዋል ስንል ታሪኩን አጠቃለልነው ማለት ነው።

የእኛ ገበታ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? በቴሌቪዥናችን ከ2006 ጀምሮ የቀረበው “ፀሐይ መማር ትወዳለች” የተሰኘው ዝግጅት ፀሐይ በምትባል ግልገል ቀጭኔ አማካይነት ልጆቻችንን ማስተማሩ ጥያቄው ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ያሳያል። በመጻሕፍት በኩል ግን አንድ መሠረታዊ ችግር አለ። የላቲኑ ፊደል ሃያ ስድስት ስለ ሆነ በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ያልቃል። የእኛ ገበታ ሠላሳ ሦስት ሆኖ በሰባት ሲባዛ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት “ኤክስ” ላይ ሲደርሱ ቃል አጥተው የፋርሱን ንጉሥ ሰርክስስን ይጠሩ እንደ ነበር፣ የእኛም መጻሕፍት ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ፣ ሰ እና ሠ ላይ ሲደርሱ አንዱን ድምፅ ለሁለትና ለሦስት ፊደል ማካፈል ግድ ይሆንባቸዋል። ብዙዎቹ መጻሕፍታችን ከየመስመሩ ግዕዙን ብቻ ወስደው አንዳንድ ሥዕል ይለጥፉበታል፤ የቀሩት ስድስቱ ሥርዓቶች ያለ ሥዕል፣ በዜማ ብቻ ይቀራሉ። ልጁ እንደ እኔ ማንበብ ትቶ የሚያዜመው እዚያ ላይ ነው።

የቀድሞ ሊቃውንት ይህን አውቀውታል። ሀሁ የተዘጋጀው ለትውስታ ነው። አቡጊዳ ግን “አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ” እያለ በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉንም ሥርዓቱንም አብሮ ይለውጣል። ዜማውን የያዘ ልጅ ዜማው ይከዳዋል፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። ግልገሏ በገበታዬ ላይ በጥርሷ ያደረገችውን አቡጊዳ በሥርዓት ያደርገዋል። ተራውን ያናጋል፣ የማያየውንም ያጋልጣል። እኔ አቡጊዳን ዛሬ የምመለከተው እንደ ቅጣት ሳይሆን በትውፊታችን ውስጥ እንደ ተፈቀደ ቅብጠት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለወጣት ደራስያንና ሠዓልያን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አማርኛ ለግልገሎች ስም አይሰስትም። ለግዕዙ ደቦልና ጠቦት አሉን፤ ለካዕቡ ቡችላ፤ ለሣልሱ ጊደር፤ ለራብዑ ጫጩት፤ ለኃምሱ ቄብ፤ ለሳድሱ ግልገል፣ ጥጃና ውርንጭላ። ሳብዑ ላይ ግልገል ፈልጌ ስላጣሁ እናቲቱን ዶሮን አስቀመጥሁ፤ ልጆቹን የሚጠብቅ አንድ አዋቂ መኖሩም አይከፋም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል በሥዕል መሸከም አይቻል ይሆናል፤ ሰባቱን ሥርዓቶች በሰባት ፍጡራን ማሳየት ግን ይቻላል።

ግሱስ? “ትሰብራለች፣ ትዘልላለች” ብንል ሁሉም በ“ት” ይጀምራል፤ የሴንዳክ ስልት በአማርኛ የአሁን ጊዜ አይሠራም። ኃላፊ ጊዜ ግን ይታደገናል፦ ረገጠች፣ ሰበረች፣ ቀማች፣ በላች፣ ነከሰች፣ ዘለለች፣ ገነጠለች፣ ደፋች። እያንዳንዱ ቃል በራሱ ግዕዝ ፊደል ይጀምራል። ይህ አጋጣሚ ደስ ይለኛል፤ በቋንቋችን የቅብጥብጥ ግልገል ፊደል የሚጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ዕቃው ከተሰበረና ወተቱ ከተደፋ በኋላ ነው። እናት ወደ ቤት ስትመለስ የምታየው ይኸው ነው፤ የታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ።

ንግግሬን የምደመድመው የኔታን በማሰብ ነው። የዚያን ቀን አልገረፉኝም። የተበላውን ገበታ ለረዥም ጊዜ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ጠቁር ብለው፣ ግልገሏ የማን እንደ ሆነች ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። “እርሷስ ጥሩ መምህር ናት፤ ያላየኸውን አሳየችህ” ብለው ወደ ተራዬ መለሱኝ። እኔም እነሆ ይህን ያህል ዘመን ቆይቼ፣ የተበላውን ጥግ እያነበብሁ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።